ሳንቲሙ የማን መታሰቢያ ነው? ከጠገራ ብር እስከ ኳስ ሜዳ



ፋኩልቲው የዘንድሮውን ሕዝባዊ ንግግር እዚህ አዘዞ ላይ እንዳደርግ ሲጋብዘኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ተወልኝ። ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ አንዳንዶቻችሁ «የገንዘብ ታሪክ ነው ወይስ የኳስ?» ስትባባሉ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ነው። የምናገረው ለስፖርት ቡድኖች መታሰቢያ ተብለው ስለሚቀረጹ የብር ሳንቲሞች ነው። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ የተማሪዎቼ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ካነሣ ወዲህ፣ «የውጭ አገር ቡድኖች በስማቸው የብር ሳንቲም ይቀረጽላቸዋል፤ ለአፄዎቹስ ለምን አይቀረጽም?» የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ ደጋግሞ ተነሥቶልኛል። በሁለት ቃል መልሼ የማልፈው ጥያቄ አልሆነልኝም፤ ምክንያቱም ስለ ብር የምናውቀውንም የረሳነውንም አብሮ ይቀሰቅሳል።

በመጀመሪያ ተማሪዎቹ «የውጭ አገር» ሲሉ የሚያመለክቱትን ልግለጽ። የዚህ ነገር ዋና ምሳሌ ካናዳ ናት። እዚያ ሕዝቡ የሚያብድለት ጨዋታ በበረዶ ላይ በመንሸራተቻ ጫማ የሚካሄደው ሆኪ ነው። የካናዳ መንግሥት የሳንቲም ማተሚያ ቤት ለእነዚህ ቡድኖች መታሰቢያ በየጊዜው ሳንቲም ያወጣል፤ የቡድኑ ዓርማ አንዳንዴ በቀለም ጭምር የሚታይበት፣ በሣጥን ታሽጎ ከምስክር ወረቀት ጋር የሚሸጥ ንጹሕ ብር። በላዩ የተጻፈ የገንዘብ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ማንም ዳቦ አይገዛበትም። የሚገዛው ሰብሳቢ ነው፤ የሚቀመጠውም በመሳቢያ ውስጥ ነው።

ከዚያች አገር ሳንቲሞች ሁሉ ግን በሆኪ ወዳጆች ዘንድ እጅግ የታወቀው አንድ ግራም ብር የለበትም። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ፣ የሜዳውን በረዶ ያዘጋጅ የነበረ ትሬንት ኢቫንስ የተባለ ካናዳዊ አንድ ተራ የአንድ ዶላር ሳንቲም በሜዳው መካከል ከበረዶው ሥር ቀበረ። የካናዳ የሴቶችም የወንዶችም ቡድኖች በዚያ ሜዳ ወርቅ አገኙ፤ ለወንዶቹ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ያ ሳንቲም ዛሬ በቶሮንቶ በሚገኘው የሆኪ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። የሞንትሪያል ካናዲያንስ ቡድን መቶኛ ዓመቱን በ2009 እ.ኤ.አ. ሲያከብርም ከሰብሳቢዎች ሳንቲም ሌላ የቡድኑ ዓርማ ያለበት የአንድ ዶላር ሳንቲም ወጥቶ በገበያ ውስጥ ተሠራጭቷል። የቡና መልስ ሆኖ ከሕፃን ኪስ የገባ መታሰቢያ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የዛሬው ንግግሬ ከዚያ አይወጣም። አንዱ ሳንቲም ለሚገዛው የተቀረጸ ነው፤ ሌላው ለሚይዘው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በአማርኛ «ብር» ስንል ማዕድኑን ነው ወይስ ገንዘቡን? መለየት የማንችለው ቋንቋችን ድሀ ስለሆነ አይደለም፤ ለረጅም ዘመን ሁለቱ አንድ ስለ ነበሩ ነው። የመንግሥቱ የወረቀት ገንዘብ በእንግሊዝኛው «ዶላር» በተባለበት ዘመን እንኳ በአማርኛው ያው «ብር» ነበረ።

የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም እንዳስቀረጹ ታውቃላችሁ፤ ከብር ሳንቲሞቻቸው አንዳንዶቹ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ወርቅ የተለበጠባቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በጊዜው በሌላው ዓለም ብርቅ ነበር። ከአክሱም በኋላ ግን ነገሩ ተቋረጠ። የጎንደር ነገሥታት፣ ያን ያህል ግንብ የገነቡት፣ አንዳቸውም በስማቸው ገንዘብ አላስቀረጹም። አፄ ሱስንዮስ እዚሁ አዘዞ ገነተ ኢየሱስን ባሠራ ጊዜ፣ ልጁ ፋሲልም ጎንደርን በቆረቆረ ጊዜ፣ መገበያያው በሚዛን የሚለካ ወርቅ፣ አሞሌ ጨውና የጥጥ ልብስ ነበር። ስለዚህ በፋሲል ስም የተጠራው ቡድን ሳንቲም ቢቀረጽለት፣ ከስሙ ባለቤት አንድ ነገር ቀድሞ ያገኛል ማለት ነው።

በብር የተሠራ ገንዘብ ወደዚህ አገር ጠልቆ የገባው ከውጭ በመጣች አንዲት ሴት መልክ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ታለር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። እኛ ማርትሬዛ አልነው፤ ጠገራ ብርም አልነው። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል፣ ንጽሕናው ከ1000 እጅ 833 ነው። በውስጡ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። በምጽዋና በመተማ በኩል የመጣው ነጋዴ ወደ ጎንደር ገበያ ያስገባው ይህ ብር እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የአገሩ ዋና ገንዘብ ሆኖ ኖረ። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት በመንገዱ ለገበሬው የሚከፍለው ሌላ ገንዘብ ስላልነበረው በሚሊዮን የሚቆጠር ማርትሬዛ ይዞ መምጣት ግድ ሆኖበታል።

ሕዝቡ ይህን ብር የተቀበለው በጭፍን አልነበረም። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዘጠኝ ዕንቁዎች አሉበት፤ ሻጩ በጥፍሩ እየዳሰሰ ይቆጥራቸዋል፤ የፀጉር ጌጧንም ያያል። ከደረቷ በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ደብዝዘው ከሆነ ይመልሰዋል። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ቃል ከፍ ብሎ ተቀርጿል፤ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሳንቲሙን ከዳር የሚልግ ሌባ ቢኖር ወዲያው እንዲታወቅበት ነው። የላቲን ፊደል ፈጽሞ ያላየ የገበሬ እጅ ያንን ጠርዝ ያነብ ነበር። ዛሬ በአውሮፓ አንድ ሰብሳቢ በማጉያ መነጽር የሚያደርገውን ምርመራ አያቶቻችን በአውራ ጣታቸው ያደርጉት ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ብሩ ከገበያ ሲወጣ ደግሞ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። መስቀሉ፣ ድሪው፣ አልቦው፣ ጉትቻው አብዛኛው የቀለጠ ማርትሬዛ ነው። ወቄት የምንለው የአንጥረኛ መለኪያም የአንድ ማርትሬዛ ክብደት ሆነ። በሙሽራ አንገት ላይ ያለው ብር ጌጥም፣ ቁጠባም፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያም ነበር፤ እናት ለልጇ ስታወርሰው ደግሞ መታሰቢያ ይሆናል። እንግዲህ ብርን ለመታሰቢያ ማስቀመጥ ከውጭ የምንማረው ጥበብ አይደለም። ልዩነቱ፣ የእኛው መታሰቢያ ከሣጥን ወጥቶ በአንገት ላይ መዋሉ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ብር ባስቀረጹ ጊዜ ይህ የእጅ ዕውቀት ተቃወማቸው። ብሩ በፓሪስ ታተመ፤ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን ቀኖች ይዞ ወጣ። በአንድ ገጹ የንጉሡ መልክ፣ በሌላው መስቀል የያዘ አንበሳ አለ። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር የተስተካከለ ነበር፤ የብር መጠኑም አላነሰም። ሆኖም ሰሜኑ የለመዳትን ሴት አልለቀቀም፤ እንግዳ መልክ ያለበትን ብር ተጠራጠረ። በቅርጹ ነጻነትን የሚያውጅ ገንዘብ በገዛ አገሩ ገበያ በባዕድ ንግሥት ተሸነፈ። ነገሩ ያሳዝናል፤ ግን ሕዝቡን የምወቅስበት ምክንያት አይታየኝም። እምነት በአዋጅ አይመጣም፤ በእጅ ነው የሚለመድ።

ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተቀረጸው ሃምሳ ሳንቲም ለመገበያያ የወጣ የመጨረሻው የብር ሳንቲማችን ነው። አባቶች ያስታውሱታል። አንድ ታሪክ ብቻ ልንገራችሁ፦ የመዳቡ ሃያ አምስት ሳንቲም በመጠኑ ከሃምሳው ጋር በጣም ስለሚቀራረብ የሚያምታታ ሆነ፤ በዚህ ምክንያት ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተሞርዶ በአዲስ መልክ እንዲወጣ ተደረገ። መንግሥትም በመጨረሻ በሕዝቡ ጣት ማመኑ ነው።

መታሰቢያ ሳንቲም የሚባለው ዘመናዊ ነገር ወደ እኛ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1964 ዓ.ም. የአምስት ነገሥታት መልክ ያለባቸው የአምስት ብር የብር ሳንቲሞች ወጡ፦ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክ፣ ዘውዲቱ፣ ኃይለ ሥላሴ። በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሌላ ተከታታይ ሥራ ወጣ፤ በብሩ ላይ ጭላትና ደጋ አጋዘን፣ በ600 ብሩ የወርቅ ሳንቲም ላይ ደግሞ ዋልያ። ቋረኛው ቴዎድሮስ ዛሬ የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራበት ንጉሥ ነው፤ ዋልያም ከስሜን ተራራ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ሁለቱም የእኛ ናቸው፤ በሳንቲም ግን የተሸጡት ለሌላ ነው። በደጋማው የስሜን ገበያ ያን ሳንቲም በእጁ የያዘ ገበሬ ነበረ ብዬ አላምንም። በጥራት ተወልውለው፣ በሣጥን ታሽገው፣ በውጭ ምንዛሪ ለውጭ ሰብሳቢ የቀረቡ ናቸው። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ መፈለጉን አልነቅፍም፤ ከእንስሳቱ ሳንቲም ሽያጭ ጥቂቱ ለጥበቃው መዋሉም መልካም ነው። ይህ ግን ንግድ ነው፤ መታሰቢያ ለመባል የሚያስታውሰው ሕዝብ ማየት ነበረበት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ1974 ዓ.ም. የወጣው ነው። በዚያ ዓመት በስፔን ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ኢትዮጵያ የእግር ኳስ ሳንቲም አወጣች፤ አንዱ የሁለት ብር፣ ሌላው በብር የተሠራ የሃያ ብር። በዋንጫው ላይ አፍሪካን የወከሉት አልጄሪያና ካሜሩን ናቸው። እኛ በማጣሪያው በዛምቢያ ተሸንፈን ከመንገድ ቀርተናል። ባልሄድንበት ሰርግ የሰርግ ስጦታ አሠርተናል ማለት ነው። ሳንቲሙን ያሠራው ኳሱ አይደለም፤ በዚያ ዓመት የእግር ኳስ ሥዕል ያለበትን ሁሉ የሚገዛ ሰብሳቢ በዓለም ላይ መኖሩ ነው።

በአንጻሩ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሂዱ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የያኔዋን የተባበረች ዓረብ ሪፑብሊክ፣ ማለት ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ አላየነውም። ለእነዚያ ሰዎች አንዲት ሳንቲም አልተቀረጸችም። ላልተሳተፍንበት ሃያ ብር፣ ላሸነፍንበት ምንም። ተማሪዎቼ «ለምን ለእኛ አይቀረጽም?» ሲሉ ሳያውቁት የሚነኩት ቁስል ይኸው ነው።

አሁን ስለ ዋጋ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ስሜት ያለው ገዢ በቀላሉ ይታለላል። አንድ መታሰቢያ የብር ሳንቲም ሦስት ዋጋ አለው። አንደኛው በላዩ የተጻፈው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከብሩ ዋጋ በታች ስለሆነ ማንም አይገበያይበትም። ሁለተኛው ማዕድኑ ቢቀልጥ የሚያወጣው ነው። ሦስተኛው ሻጩ የሚጠይቀው ሲሆን ከሁለተኛው ሁለት ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በመካከል ያለው ገንዘብ ለሥዕሉ፣ ለመወልወሉ፣ ለሣጥኑ፣ በዓርማው ለመጠቀም ለቡድኑ ወይም ለሊጉ ለሚከፈለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ከዚህ ቁጥር በላይ አይታተምም» ለሚለው ቃል ኪዳን የሚከፈል ነው። ቃሉን ሰጪው ካልታመነ የቀረው ማዕድኑ ብቻ ነው። እንደ ኒዌ ያሉ ትንንሽ የፓስፊክ ደሴቶች ስማቸውን ብቻ አውሰው በደሴታቸው ላይ ለማይገበያዩበት የፊልምና የካርቱን ሳንቲም ሕጋዊ ገንዘብነት ይሰጣሉ። ሕጋዊ ነው፤ ግን ያ ሳንቲም የማን አገር ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ያስቸግራል።

ወደ አፄዎቹ ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ብቻ ተካሄዱ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ። ጎንደር ከእነዚያ ውስጥ አልነበረችም። በሥዩም ከበደ ይሠለጥን የነበረው ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሣ በዚያ ውድድር ዘመን በፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። የጎንደርና የአዘዞ ሕዝብ የቡድኑን ትልቁን ዓመት ያየው በቴሌቪዥን ነው። የሚቆርጠው ትኬት አልነበረም፤ ዛሬ ከኪሱ አውጥቶ «ነበርሁ» የሚልበት ቁራጭ ወረቀት እንኳ የለውም። ስለዚህ አንድ የሚጨበጥ ነገር መፈለጉ የልጅ ምኞት አይመስለኝም።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን የብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው። ክለብ፣ ከተማ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሳንቲም ሊያወጣ አይችልም፤ የሚችለው ሜዳይ ማሠራት ነው፤ የገንዘብ ዋጋ የማይጻፍበት፣ ከመገበያያ ገንዘብ ጋር የማይምታታ። አንዳንዶች ይህን እንደ ውድቀት ያዩታል። እኔ ይሻላል ባይ ነኝ። ሳንቲም ቢሆን በውጭ አገር ማተሚያ ቤት ታትሞ፣ ለውጭ ሰብሳቢ ቀርቦ፣ እንደ ዋልያው ሳይታይ ይቀራል። ሜዳይ ከሆነ የሚሠራበትን ቦታና የሚያገኘውን ሰው እኛ እንወስናለን።

ስለዚህ ለክለቡ ደጋፊዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ክብደቱ አንድ ወቄት ይሁን፤ አያቶቻችን የሚያውቁት ክብደት ስለሆነ። ሥራው ለጎንደር አንጥረኞች ይሰጥ። እጃቸው ከፋብሪካ ማተሚያ ጋር እኩል ጥራት አያወጣም የሚለኝ ሰው አለ፤ እውነት ነው፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይሆኑም። እኔ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አልፈልግም። በጠርዙ ዙሪያ ጽሕፈት ይኑረው፤ በጣት የሚነበብ። የብሩም ንጽሕና በቁጥር ይቀረጽበት፤ ገዢው እንዳይታለል። ብሩ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ፣ ጥቂቶቹ በብር፣ ብዙዎቹ በመዳብ ወይም በነሐስ ቢሠሩ አይከፋም። የብሩ ለዚያ ዓመት ተጫዋቾችና ለአሠልጣኞቹ፤ ሌላው ለማንም ሰው፣ ተማሪ በሚችለው ዋጋ። የካናዳው ሳንቲም ከበረዶ ሥር ሲቀበር ያለ ብር እንደ ነበረ አስታውሱ።

ይህን ስል የሚያሠጋኝ ነገር መኖሩን አልደብቅም። ክለብ በገንዘብ ሲቸገር ሜዳይ መሸጥ ይቀላል፤ ዛሬ ለዋንጫ፣ ነገ ለሁለተኛ ደረጃ፣ ከነገ ወዲያ ለአዲስ ማልያ ይሠራል። በብዛት የሚወጣ መታሰቢያ ምንም አያስታውስም። ስለዚህ ቁጥሩ አስቀድሞ ይነገር፤ ቅርጽ ማውጫውም ሥራው ሲያልቅ በሕዝብ ፊት ይሰበር። የተከበሩ የሳንቲም ማተሚያ ቤቶች ይህን ልማድ ያውቁታል።

ከመጨረሴ በፊት ወላጆችን የሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ። ስለዚህ ንግግር የሰሙ ሦስት ሰዎች በዚህ ሳምንት ማርትሬዛ ይዘው ቢሮዬ መጥተዋል፤ 1780 የሚለውን አይተው እጅግ ጥንታዊ ነው ብለው ተስፋ አድርገዋል። ከላይ እንዳልሁት ዓመቱ ዕድሜውን አይነግራችሁም። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምባይ በዚሁ ቀን ታትሟል፤ ቪየና ዛሬም ታትመዋለች። ዕድሜውን የሚለየው በክንፎቹና በዕንቁዎቹ ላይ ያለው ጥቃቅን የቅርጽ ልዩነት ነው። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና አትሹት፤ የሰብሳቢ ዋጋው ወዲያው ይወድቃል፤ ጥቁረቱም የብሩ ታሪክ ነው። ለመንገደኛ ነጋዴም ሳይመዘን አትስጡ። በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼ ሚዛንና ማጉያ መነጽር ይዘው በዚሁ አዳራሽ ይገኛሉ፤ ያላችሁን አምጡ፣ እንመዝናለን፣ ዕንቁዎቹን አብረን እንቆጥራለን። ከ1936 ዓ.ም. ሃምሳ ሳንቲም ያለው ሰው ካለ ደግሞ በተለይ ደስ ይለኛል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።